ዘይት የማይነካው ዘንግ

አባዬ ዘይት ቀብቶ የማያውቀው እኛን ብቻ ነበር።

ሌላውን ሁሉ ይቀባል። የበር ማጠፊያ፣ የመስኮት መቀርቀሪያ፣ የእማዬን መቀስ፣ የጎረቤት ብስክሌት፣ የሳጥን ቁልፍ፣ የኔን የአሻንጉሊት ጋሪ ሳይቀር። አፏ የሾለ ትንሽ የዘይት ጣሳ ነበረችው። ቂጧን በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርጋት ቀጭ ትልና አንዲት ጠብታ ትተፋለች። በቤታችን ሲጥ የሚል ነገር አልነበረም። ሰው ቤት ሄጄ በር ሲጥ ሲል ስሰማ የታመመ ሰው ያለ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር። የኛ በር ድምፅ ስለሌለው አባዬ መግባቱን የምናውቀው ከኋላችን ሲቆም ነው።

የክር ፋብሪካ ዋና ሜካኒክ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ «ዋናው» ይሉታል። ሰፈሩም ቀስ በቀስ ለመደው፤ እማዬ እንኳ ስትናደድ «ዋናው፣ ምሳህ ቀዝቅዟል» ትለዋለች። መሣሪያዎቹ ላይ ሁሉ በሾለ ብረትና በመዶሻ ነጥብ በነጥብ እየመታ ይጽፋል። ካቻቢቴው ላይ «መልሰኝ» ይላል። ፒንሳው ላይም «መልሰኝ» ይላል። ማንበብ የተማርኩት በነዚያ ነጥቦች ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

ወንድሜን «ብሎን» ብሎ የሰየመው እሱ ነው። እማዬ ሲወለድ አጭርና ድንቡሽ ያለ ስለነበር ነው ትላለች። አባዬ ግን ለእንግዳ ሁሉ «ይሄን ቤት አጥብቆ የሚይዝልኝ እሱ ነው» እያለ ያወራ ነበር። እኔን ደግሞ «ሬዲዮ» ይለኛል፣ አፌ ስለማይዘጋ። ስም ማውጣትስ ይችልበት ነበር፣ እግዜር ይይለትና።

ዘንጉን የሰጠው ጥርስ ሐኪሙ ነው። አባዬ እሁድ እሁድ ከከተማው በላይ ያለውን ተራራ ከጓደኞቹ ጋር ይወጣል፤ ጥርስ ሐኪሙ ከነሱ አንዱ ነበር። ውጭ አገር ደርሶ ሲመለስ ለአባዬ የተራራ መውጫ ዘንግ አመጣለት። ሦስት ቱቦ ነው፤ አንዱ አንዱ ውስጥ ይገባል። ሲታጠፍ ክንድ አያህልም፣ ሲሳብ የአባዬን ደረት ይደርሳል። ልኩን ካገኘ በኋላ ጥምዝዝ ሲደረግ ባለበት ይቆማል። አባዬ «የመዝናኛ ዕቃ ነው» እያለ ያጣጥለዋል፤ ግን ከበሩ ጀርባ ለብቻው ሚስማር መትቶ ሰቀለው። እኔና ብሎን እንዳንነካው ተነገረን። የዘይት ጣሳዋ ግን በየእሁዱ ትጎበኘው ነበር።

ጥቂት ወራት እንደሄደ ዘንጉ መክዳት ጀመረ። አባዬ ሲደገፈው የታችኛው ቱቦ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አባዬም አብሮ ወደ ጎን ያዘነብላል። በመጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንዱ ጓደኛው «ዋናው፣ የፋብሪካውን ማሽን ሁሉ እያቆምክ አንድ በትር አቅቶህ?» አለው አሉ። አባዬ የዚያን ቀን ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ዘንጉን ብሎን እግር ስር ወረወረው።

«እንካ። ይቺን አስተካክላት።»

ብሎን አነሳው፤ ጠመዘዘው፤ ተጫነው። ዘንጉ ተንሸራቶ ገባ።

«በፋብሪካ ተለማማጅ ሊይዙ ነው፤ ታውቃለህ» አለ አባዬ። «ይቺ ከያዘች ሰኞ እጅህን ይዤ እኔ ራሴ አስገባሃለሁ።»

«ካልያዘችስ?» አለ ብሎን እየሳቀ።

«ካልያዘች እንጃልህ።»

ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ያ ፋብሪካ ነው። ትምህርቱን እንደነገሩ ጨርሶ ቤት የተቀመጠው እሱን ሲጠብቅ ነው። እማዬ የአባዬን አሮጌ የሥራ ቱታ አጥብባ፣ እግሩን አሳጥራ፣ ተኩሳ ለብሎን ሰቅላለታለች። ማታ ማታ ሲለካው አየዋለሁ። እጁን ኪሱ ከትቶ ጓዳ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ልክ አባዬን። ያለ ዋናው ቃል ማንም እዚያ በር እንደማይገባ ደግሞ እኔ እንኳ አውቅ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ተቀምጦ ዘንጉን ፈታታው። እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ የማይመለከተኝን ሁሉ እጠይቃለሁ። ከታችኛው ቱቦ ጫፍ ላይ የጣት ጫፍ የምታክል ፕላስቲክ አለች።

«አየሻት? ስንጠመዝዘው ይቺ ትነፋለች። ስትነፋ የቱቦውን ግድግዳ ትገፋና አንቃ ትይዛለች። በቃ፣ ሌላ ተአምር የለውም።»

ፕላስቲኳን በጨርቅ ጠረጋት። ጨርቁ ቢጫ ሆነ። እንደገና ጠረጋት፤ አሁንም ቢጫ። አሸተተውና ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ።

«አይ አባዬ!»

በአባዬ ላይ ሲሳቅ ስላልወደድኩ «እነግርብሃለሁ» አልኩት። «ንገሪ» አለኝ። ቱቦዎቹን በሳሙና አጠበ፣ በእንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ ውስጣቸውን ጠረገ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው። ፕላስቲኳን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጎ ሻካራ አደረጋት። ሲደርቅ ገጣጠመው፣ ጠመዘዘውና አቆመው።

«ነይ ተደገፊ። በደንብ! ምሳሽን በልተሻል አይደል?»

ሆዴን እጀታው ላይ ጥዬ እግሬን ከመሬት አነሳሁ። ዘንጉ ንቅንቅ አላለም። ብሎን ራሱ በሁለት እጁ ተጫነው፣ ፊቱ እስኪቀላ። ንቅንቅ አላለም።

«ያዘች?»

አባዬ ከኋላችን ቆሟል። እንደተለመደው ሲመጣ አልሰማነውም።

«ያዘች» አለ ብሎን፤ ደስታው ከድምፁ ያስታውቃል። «ግን አባዬ፣ ይሄ ዘይት አይነካም። በደረቁ ነው የሚይዘው።»

አባዬ ቅንድቡን ሰቀለና ወደኔ ዞረ። «ሰማሽ ሬዲዮ? ወንድምሽ ዘይት የማይነካ ብረት አገኘ! እንግዲህ እኔ ጡረታ ልውጣ።»

እስኪያስለኝ ሳቅኩ። ለኔ ዘይት የማይነካ ብረት አለ ማለት ውሃ የማይጠጣ ሰው አለ እንደማለት ነበር። ብሎንም አብሮን ሳቀ፤ ግን ቀድሞ አቆመ።

አሁን ሳስበው የሚገርመኝ ያ ሰው ስለ ፍሬን የሚያውቀውን ማወቁ ነው። የማሽን ፍሬን ላይ ዘይት ያንጠባጠበን ሠራተኛ እዚያው በቆመበት ያባረረ ሰው ነው። ነገሩ ያው ነው፤ አንዱ አንዱን አንቆ መያዝ። ግን የዘንጉን ውስጥ አይቶት አያውቅም፣ ንቆታል። ያየው ደግሞ ልጁ ነው፣ ልጅ ደግሞ አባቱን አያስተምርም።

እሁድ ጠዋት በሩ አጠገብ የጫማውን ክር ሲያስር ከመኝታዬ ተነስቼ አጠገቡ ቆምኩ። ዘንጉን አወረደ፤ ስቦ አየው። ከዚያ ጣሳዋን ከኪሱ አወጣ። ቀጭ። አንድ መገጣጠሚያ። ቀጭ። ሌላው መገጣጠሚያ። ቱቦውን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ አስገባለት፤ መልሶም ጠመዘዘው።

«ለብረት ቁርሱ ነው» አለኝና ጠቀሰኝ።

አባዬ አልፎ አልፎ እንዲያ ይጠቅሰኛል፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ። የዚያን ቀንም ደስ ብሎኝ ዋልኩ፣ መኪና መጥቶ እማዬን እስኪወስዳት ድረስ።

በማግስቱ አባዬን ከሆስፒታል አመጡት። እግሩ ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጀሶ ታሽጓል፤ ጉልበቱ ተሰብሯል ተባለ። ሶፋው ላይ አጋደሙት። ጥርስ ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ዘንጉን ጭኑ ላይ አጋድሞታል። ዘንጉ አጥሮ፣ ተሰብስቦ፣ እንደ ተቀጣ ልጅ ቁጭ ብሏል። እማዬ ቆማለች። ብሎን በሩ ላይ ነው። ሰኞ ስለነበር ቱታውን ለብሷል። ማውለቅ ረስቶ ይሁን ተስፋ ሳይቆርጥ ቀርቶ እንጃ።

«ቁልቁለቱ ላይ ሙሉ ክብደቱን ጣለበት» አለ ጥርስ ሐኪሙ ለእማዬ። «ዘንጉ ሽው ብሎ ገባ። እሱም ተከትሎ ድንጋዩ ላይ ሄደ።»

አባዬ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ «ማን ነው ያጠበቀው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ብሎን።

«አጥብቀኸዋል?»

«አጥብቄዋለሁ አባዬ። ራስህ አይተሃል።»

«ታዲያ ለምን ከዳኝ?»

ብሎን መጣና ዘንጉን ከሐኪሙ ጭን ላይ አነሳ። ጣቱን መገጣጠሚያው ላይ አሸት አደረገ። ጣቱን አየው፤ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። አፉን ሊከፍት ሲል እኔ ቀደምኩት። ሁሌም እኔ ነኝ የምቀድመው።

«አባዬ ደግሞ ዘይት ቀብቶት ነበር እኮ! ጠዋት ሲቀባ እኔ አይቻለሁ! ሁለቱንም ቦታ!»

አባዬ የሚገባውን ሁሉ አድርጓል፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም ማለቴ ነው። ለሱ መመስከሬ ነበር። ብሎን ሳቀ፣ በአፍንጫው የወጣ አጭር ሳቅ። ጥርስ ሐኪሙ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ሂጂ ውሃ አምጪ» አለችኝ እማዬ።

«ውሃማ ይኸው ጠረጴዛው ላይ…»

«ሂጂ ብዬሻለሁ!»

«ሬዲዮውን ዝጉልኝ» አለ አባዬ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ እግሩ አሞት ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ብሎንን ሳያየው «የአባቱን ምርኩዝ ያላጠበቀ እጅ የሰው ማሽን ላይ አያርፍም። ቱታውን አውልቅ» አለው።

«ዋናው…» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

«ዶክተር፣ አንተ ጥርስህን ንቀል። አንተ ልጅ፣ አውልቅ ብዬሃለሁ።»

ብሎን እዚያው፣ እንግዳ ፊት፣ አወለቀው። በቁምጣ ቀረ። ቱታውን አጣጥፎ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ መልሶ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ አባዬ እግር አጠገብ አስቀመጠውና ወጣ። እኔ በዚያ ሳቁ ጠላሁት። አባቱ እግሩን ተሰብሮ ተኝቶ የሚስቅ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው? ለብዙ ዓመታት ስለ ወንድሜ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ሳቅ ነበር። የሚስቅ መስሎኝ! ያ ልጅ ያኔ ካልሳቀ ምን ያድርግ? እኔ ነገሩን ሁሉ እንደ እንቁላል ሰብሬ ጠረጴዛው ላይ አፍስሼዋለሁ፤ አንድም ሰው ግን «አየሁ» አላለም።

ጥርስ ሐኪሙ ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጣም። አባዬ ተራራ መውጣት ስላቆመ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ጀሶው ተፈትቶ በክራንች መሄድ ሲጀምር አባዬ መጀመሪያ የሄደው ዕቃ ቤት ነው። ዘንጉን ይዞ ገባና ከውስጥ ዘጋ። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። መዶሻ ይሰማኛል፤ ቀስ ያለ፣ ጠብ ጠብ የሚል። ያቆማል፤ ደግሞ ይቀጥላል። ዘንጉን እየቀጣው ነው አልኩ፤ ይበለው! ብሎን ግቢው ውስጥ ቧንቧው ላይ ፊቱን እየታጠበ ነበር። ድምፁን ሰምቶ ቀና አለ። ዕቃ ቤቱን ትንሽ ካየ በኋላ ፊቱን መታጠቡን ቀጠለ።

በዚያው ሳምንት ብሎን ከቤት ሄደ። አባዬ ያደረው ፋብሪካ ነው፤ ማሽን ተበላሽቷል ብሎ። እማዬ መንገድ ላይ የሚበላ ነገር ቋጥራ ሰጠችው። ዓይኗ አብጧል። ሽንኩርት ስትከትፍ ነው ብላኝ አመንኳት። ማጀቱ ውስጥ ግን አንድም ሽንኩርት አልነበረም።

ብሎን ራቅ ያለ ከተማ ገብቶ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ። ከዚያ ወገቡን ሲያመው የእህል መጋዘን ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። አልፎ አልፎ ብቅ ይል ነበር፣ አባዬ ፋብሪካ በሚውልበት ሰዓት እየመረጠ። ከዚያ ወዲህ ካቻቢቴ ይዞ አይቼው አላውቅም። አንዴ የእማዬ ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበርና «እባክህ እየው» ስትለው፣ ያ ልጅ፣ ያ ሲተኛ እንኳ ፒንሳ ትራሱ ስር የነበረ ልጅ፣ «ባለሙያ ጥሩ እንጂ እማዬ» ብሏት ወጣ። እማዬ ጨርቅ ጠመጠመችበት።

አባዬ ግን ዓመት ሳይሞላው ወደ ተራራው ተመለሰ። እያነከሰ፣ ያንኑ ዘንግ ይዞ። ከዚያ በኋላ ዘንጉ አንድም ቀን ከድቶት አያውቅም። ዘንጉን ይቅር አለው አልኩ በልቤ። ልጁን ግን ይቅር አላለም፤ ስሙንም አንስቶ አያውቅም። እንግዳ «ቤቱን አጥብቆ የሚይዝልህ ልጅ የት ደረሰ?» ሲለው «ሥራ ላይ ነው» ብሎ ወሬ ይቀይራል።

አባዬ ካረፈ ዓመት አለፈው። ብሎን ለቀብሩ መጥቶ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ አፈር እስኪመለስ አልጠበቀም። ባለፈው ወር እማዬ ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ምርኩዝ ያስፈልጋት ጀመር። ምርኩዝ ልግዛልሽ ስላት «ምን ያስገዛሻል፣ የአባትሽ ዘንግ ዕቃ ቤት አይደለም?» አለችኝ።

አመጣሁት። እማዬ ከአባዬ በጣም ስለምታጥር ላሳጥረው ብዬ ጠመዘዝኩት። አጥብቆ ይዟል፤ እጄ እስኪቀላ ታገልኩት። ለቀቅ ሲል አብዝቼ ሳብኩትና የታችኛው ቱቦ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ጫፉ ላይ ያለችው ፕላስቲክ የበፊቷ አይደለችም፤ በማሽን የተቀረፀች አዲስ ናት፣ ሻካራ፣ ደረቅ፣ ጣቴ ላይ ቅንጣት ቅባት የማትተው። ከሷ ዝቅ ብሎ፣ ሲገጠም በማይታየው በኩል፣ ቱቦው ላይ ነጥቦች አሉ። መስኮቱ ጋ ሄጄ አነበብኳቸው። ያው ፊደል ነው፣ ማንበብ የተማርኩበት።

«ዘይት አይነካም»

ቁጭ አልኩ። ያ ጠብ ጠብ የሚለው መዶሻ ይሄን ሲጽፍ ነበር። ልጁ ያለውን ቃል፣ ሳያጎድል። ብሎን ደጅ ፊቱን ሲታጠብ፣ እሱ ውስጥ በሩን ዘግቶ። ለማን ነው የጻፈው? ለኛ ነው እንዳልል፣ በዚያ ቤት ከሱ በቀር ዘይት የሚቀባ ሰው አልነበረም። ለራሱ ነው የጻፈው። ለብረት የጻፈውን በሩን ከፍቶ ለልጁ መንገር ምን ነበረበት? አምስት እርምጃ አይሞላም እኮ!

«እማዬ» አልኩ። «አባዬ ያውቅ ነበር። ዘንጉ በዘይቱ ምክንያት እንደከዳው ያውቅ ነበር።»

እማዬ እንደ ሞኝ አየችኝ።

«ኧረ አንቺ ልጅ» አለች። «የነገርሽን አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

እዚያው ክፍል፣ እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጣለች።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ይበርድለታል ብዬ ጠበቅኩ። እንግዳ ፊት የወጣ ቃል ነው፣ መመለስ ሞት ሆነበት። ዛሬ ይለዋል፣ ነገ ይለዋል ስል ልጄ ሄደ።» እጇን ዘርግታ ዘንጉን ጠበቀች። «በይ አሳጥሪልኝ አሁን።»

ንዴቴን የት ላድርገው? ጩኺ ጩኺ አለኝ። አባዬ ከአፈር በታች ነው፤ እማዬ ጉልበቷን ይዛ ተቀምጣለች። አሳጠርኩላት። ከዚያ ግቢ ወጥቼ ብሎን ዘንድ ደወልኩ።

ነጥቦቹን አነበብኩለት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ አለህ?» አልኩ።

«አለሁ።»

«በገዛ እጁ ነው የጻፈው። ያኔ ነው፣ አንተ ሳትሄድ።»

«ሰምቼዋለሁ» አለ። «የፊደሉን ምት አውቀዋለሁ እኮ። ስሜን የጻፈ መስሎኝ ነበር።»

ቀጥሎ «ይይዛል?» አለኝ።

በመስኮቱ አየሁ። እማዬ ተነስታ ሙሉ ሰውነቷን ዘንጉ ላይ ጥላ ወደ ማጀት እየሄደች ነው።

«ይይዛል።»

«ይይዛል እንጂ» አለ ወንድሜ። «ነግሬው ነበር።»

በሱ በኩል መኪና ጡሩንባ ነፋ። «ልክፈትለት፣ ጌታው ይቆጣል» አለኝ፤ ስልኩን ግን ሳይዘጋው ኪሱ ከተተው። እርምጃው ተሰማኝ፤ ከዚያ የመጋዘኑ ትልቅ በር ሲከፈት። ሲጥጥጥ አለ፣ ረጅም፣ ጥርስ የሚያጠርስ። ከስንት ዘመን ወዲህ ዘይት ነክቶት አያውቅም።